ሁለተኛው ላንቺ

ገንዳ ውሃ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለሀብትነሽ፣ አምባ ጊዮርጊስ

እታለም፣ እንደምን ከረምሽልኝ? እኔስ ደህና ነኝ። ሁለት ልጆች ፊት ለፊቷ አፈር እየበሉ ደህና ነኝ የምትል እናት ካለች እኔ ነኝ። ደብዳቤሽን የአውቶቡሱ ሹፌር፣ ደሞዝ፣ መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ከእጄ አድርሶልኛል። ስልኩ በጦርነቱ እንደተቋረጠ ነው፤ መቼ እንደሚመለስም የሚያውቅ የለም። እንግዲህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት መነጋገራችን ነው፤ አንቺም ጽሑፌን እያየሽ እንደ ልማድሽ "ዶሮ ጭሮበታል" በይ።

መልሱን ያዘገየሁት ወረቀት አጥቼ አይደለም። "መቼ ነው የምትልኪልኝ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እጄ ለዚህ መልስ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

ቃሌን አልረሳሁም። ሃይሚ ወጥታ ወንድሟ ውስጥ ሲቀር፣ ደሜ አልቆም ሲል፣ አዋላጆቹ እርስ በርስ መተያየት ሲጀምሩ፣ አንገትሽን አንቄ "ሁለተኛው ላንቺ ነው፣ ማርያምን፣ ብቻ አውጡልኝ" ያልሁ እኔ ነኝ። አንቺ "ዝም በይና ተንፍሺ" አልሽኝ እንጂ እሺ እንኳን አላልሽም። እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዝለፍልፎ የወጣውን ልጅ ደረትሽ ውስጥ ከትተሽ ያሞቅሽው አንቺ ነሽ። ቢያድግልኝ ብለሽ ስም ያወጣሽለትም አንቺ ነሽ። ሐኪሞቹ ማህፀኔን አውጥተው ነፍሴን እንዳተረፉ ካንቺና ከባሌ ከፈረደ በቀር የሚያውቅ የለም። እነዚህ ሁለቱ የመጀመሪያዎቼም የመጨረሻዎቼም ናቸው።

ባረገዝሁ በአምስተኛው ወር ደም መፍሰስ አልጋ ላይ ሲጥለኝ ከደጋ ወርደሽ መጣሽ። በዚያ ንዳድ ውሃ ቀዳሽ፣ አጠብሽኝ፣ አጎረስሽኝ። የቤቱ ወበቅ አላስተኛ ሲልሽ ደጅ ግራሩ ሥር በገመድ አልጋ አደርሽ። ከወለድሁም በኋላ መንገድ ተዘግቶብሽ እስከ ኅዳር ልጆቼን አቀፍሽልኝ። ዛሬ ሁለቱም ቆመው ሲሄዱ ባየሁ ቁጥር እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ከእርሱ ቀጥሎ አንቺን። ይህን የምልሽ ላባብልሽ ብዬ አይደለም። ልቤ ውስጥ ያለው ይኸው ነው።

ስለ ልጆቹ ጠይቀሽኝ ነበር። ሃይሚ ታዛለች፣ ትማታለች፣ ትቆጣለች። ቢያድግልኝ ይታዘዛል። እርሷ የዶሮዎቹን ውሃ ትደፋለች፣ እርሱ ሄዶ ጭቃው ላይ ይቀመጥላታል። እኔ ሁለቱንም እገርፋለሁ እያልሁ እዝታለሁ፤ አንዳቸውም አምነውኝ አያውቁም።

እስከ ፋሲካ ታገሽኝ፣ እታለም። ያኔ ሁለት ዓመት ይሞላዋል፤ ጡትም ይጥላል። አሁን መንገዱ ሰው ይበላል። ተሳፋሪ አስወርደው ወደ ጫካ የሚነዱ አሉ፤ ሕፃን ይዞ የሚኬድበት አይደለም። ፈረደ ሰላም ይልሻል። እኔን ይቅር በይኝ።

ያንቺው አሰበች


አምባ ጊዮርጊስ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰቡ፣ እንኳን ዘመን አሻገራችሁ። መስቀልን በዝናብ ዋልን፤ ደመራው አልነድ ብሎ ካህናቱን ሲያስጨንቅ ዋለ።

በሬ አበደርሁሽ እንዴ እንዲህ የምትለማመጪኝ? እስከ ፋሲካ ካልሽ እስከ ፋሲካ ነው። መንገዱን እኔም እሰማለሁ። ልጄን ለሽፍታ ላኪልኝ አላልሁም።

ግን የኔንም ስሚ። ከተዳርሁ ስንት ዘመን ሆነኝ፤ ልጅ አልወለድሁምና የመንደሩ ባልቴት ሁሉ ሆዴን አይቶ ተስፋ ቆርጧል። አሁን "የቆላው ልጅሽ መቼ ይመጣል?" ይሉኛል። ነገ ከነገ ወዲያ እያልሁ አፌ ዛለ። አንዷማ ባለፈው ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ እየሰማኋት፣ "ሰው ልጁን ይሰጣል ብላ የምትጠብቅ ሞኝ" አለች።

ባሌ ለይኩን አልጋ ጠርቦለታል። ወይራ ነው፤ የልጅ ልጁም ይተኛበታል። ብርድ አያውቅምና ሱፍ አስፈትዬ ወፍራም ባና አሠርቼለታለሁ። ሌሊት ሌሊት የምትነክሳችሁ ቢንቢ እዚህ የለችም፣ እርሱንም ንገሪው።

እንደምን ከረምሽ ላልሽኝ ልመልስልሽ፤ ትንሽ ያተኩሰኛል። ያገራችሁ ወባ ናፍቄያት ተከትላኝ መጥታ ነው። ጤና ጣቢያ ክኒን ሰጡኝ። ተወኝ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ተወኝ። እንዳትጨነቂ።

ቃልሽን የሰማሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የማለሽባት ማርያምም ሰምታለች። ይህን ላስፈራራሽ አይደለም የምጽፈው። ወይስ ነው፣ እኔም አላውቅ።

እኅትሽ ሀብትነሽ


ገንዳ ውሃ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣ ትኩሳትሽ ተመልሶ ይሄዳል ያልሽው አላማረኝም። ከደሞዝ ጋር የወባ መድኃኒት ልኬልሻለሁ፤ ሳታቋርጪ ውሰጂው። ሌላ የሚያምሽ ነገር ካለም አትደብቂኝ። አንቺ ሕመም መደበቅ ታውቂያለሽ።

እኛ ሰሊጡን ጨረስን። ዘንድሮ በጦርነቱ ምክንያት አጫጅ ከደጋ አልወረደም፤ ፈረደ ከጎረቤት ጋር ወንፈል ገብቶ አጨደ፣ ነዶውን እንዲደርቅ በሂላ ክምር አቆመ፣ ደርቆ ሳይረግፍ አራገፍን። እኔም ልጆቹን ከጥላ አስቀምጬ ነዶ ተሸከምሁ። ሃይሚ ሰሊጡን በእጇ እየዘገነች ወንድሟ ራስ ላይ ስትበትን ዋለች። ጆሮው ውስጥ የገባውን ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀብን፤ እርሱ ግን ሳቀ እንጂ አላለቀሰም።

ጡት ማስጣል ጀምሬአለሁ። እንደ ነገርሽኝ እሬት ቀባሁ። ሃይሚ ቀመሰች፣ ጮኸች፣ በጥፊ መታችኝ፣ ከዚያ ወዲያ ዞራ አላየችኝም። ቢያድግልኝ ግን ቀምሶ ተወ፤ ፊቴን አየኝ፤ የሃይሚን ቀሚስ ጫፍ ስቦ ጡቴን ጠራረገና ጠባ። ሳቅሁ። ከዚያ ማልቀስ መጣብኝ።

ልንገርሽ፣ ጡት ካልጣለ አይሄድም ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። በማግስቱ እሬቱን አልቀባሁም። ፈረደ አይቶኝ፣ ከገበታው ቀና ሳይል፣ "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" አለ። እርሱም ከልጁ መለየት እንደሚያንገበግበው አውቃለሁ፤ ግን የቃል ሰው ነው። ይህን ተረት ያወጣው ወንድ መሆን አለበት አልሁት። አልሳቀም።

ለፋሲካ ያልሁት ፋሲካ ነው። እሬቱንም እንደገና ቀብቻለሁ።

አሰበች


አምባ ጊዮርጊስ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰቡ፣ ይህን ተቀምጠሽ አንብቢ። ልጆቹንም ከጭንሽ አውርጂ።

የላክሽውን የወባ መድኃኒት አልዋጥሁትም። ያልዋጥሁበት ምክንያት አርግዤ ነው።

አሁን እንደገና አንብቢው።

አደፍ ካየሁ ቆየሁ፤ መስቀልን ተሻግሬ አላየሁም። መጀመሪያ ዕድሜ ነው አልሁ። ከዚያ ሆዴ ወጣ፤ መቀነቴ አልደርስ አለኝ። ፈንቴን ታስታውሻታለሽ፣ የመንደራችንን ልጅ ሁሉ የተቀበለችውን። አስተኝታ ዳሰሰችኝ። "ጠጣር ነው፤ በግራ ጎንሽ ተጋድሟል፤ ወንድ ነው" አለች። ለይኩን ደጅ ቆሞ ይሰማ ነበር። ገብቶ ጉልበቴን አቅፎ አለቀሰ። ስንት ዘመን አብሬው ኖሬ እንባውን አይቼው አላውቅም ነበር።

እርግዝናው እንዳንቺው ከባድ ነው፤ አልዋሽሽም። እህል አይወርድልኝም። ክንዴ እንጨት ሆኗል፣ ፊቴ ጠቁሯል፣ አፍንጫዬን ይነስረኛል። ትኩሳቱም ማታ ማታ አልተወኝ። ሰው ሐኪም ቤት ሂጂ ይለኛል። እኔ ግን ያንቺን አይቼ ስለ ነበር አልፈራሁም። አንቺ ደም ፈሶሽ፣ አብጠሽ፣ አቅልሽን ስተሽ አይደለም እንዴ ሁለት ልጅ የታቀፍሽ? የኛ ዘር እንዲህ ተሠቃይቶ ነው የሚወልደው ብያለሁ። ባንቺ ባይሆን ይሄኔ ደንግጬ ነበር።

እስካሁን አልተራገጠልኝም። ፈንቴ ሰነፍ ልጅ ነው ትላለች፤ በአባቱ የወጣ ነው።

አሰቡ፣ ቢያድግልኝ ያንቺ ነው። ለይኩን ፊት፣ ጊዮርጊስን ምስክር አድርጌ ቃልሽን ፈትቼልሻለሁ። እሬቱን ጣይው። የወይራው አልጋም ባለቤት አግኝቷል።

ሀብትነሽ


ገንዳ ውሃ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣ እልል!

ደብዳቤሽን አንብቤ ልጆቹን ሁለቱንም አንስቼ ግቢውን ዞርሁት። ጎረቤታችን ኩብራ ድምፄን ሰምታ እጇ በሊጥ እንደ ተለወሰ ሮጣ መጣች። አንብቢልኝ አለችኝ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁላት። እርሷም እንኳን ደስ ያላችሁ ብላለች።

እግዚአብሔር የልብሽን አይቷል። ከባድ ነገር አታንሺ። ብዙ ልጽፍ አስቤ ነበር፣ ደሞዝ ጥሩንባ እየነፋ ነው።

አሰበች


ገንዳ ውሃ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

የዛሬውን ደብዳቤ ስትጨርሺ ልትረግሚኝ ትችያለሽ። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ኩብራ እንኳን ደስ ያላችሁ አላለችም። እየዋሸሁ ነው የጻፍሁልሽ። አንብቤላት ስጨርስ "ሆዷ በየት በኩል ነው የወጣው ብላለች?" አለችኝ። በግራ አልኋት። አፍንጫዋን ይነስራታል ወይ አለች። አዎ አልኋት። እጇን ካፏ ላይ አደረገች።

"ወላሂ ይህ ልጅ አይደለም። ጣፊያዋ ነው ያበጠው። ሙኽታርን የበላው ነው" አለችኝ።

ሙኽታር ወንድሟ ነው። እርሱም መክሳት ጀመረ፣ ጠቆረ፣ ነሰረው፣ ሆዱ ተነፋ፣ ወባ ነው እየተባለ ክኒን ሲውጥ ከርሞ ሞተ። ካላዛር ነው የሚባለው። በዋልካው ጥቁር መሬት ስንጥቅ ውስጥ፣ በግራሩ ሥር የምትኖር፣ ዓይን የማያያት ትንሽ ዝንብ ናት የምታመጣው። እዚህ ቆላ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል። ሰሊጥ አጫጆቹ ይዘውት አገራቸው ይገባሉ፤ እዚያ ግን የሚያውቀው ስለሌለ ወባ ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው ሲባል ያልቃሉ። አንቺ እኔን ስታስታምሚ ግራሩ ሥር ከርመሻል።

ይህን የሰማሁት ያን የእልልታ ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ነው። ከሰማሁ በኋላ ነው እልል ያልሁልሽ።

ለምን እንደ ሆነ ልንገርሽ፣ ካንቺ የምደብቀው ነገር አልቋል። አንቺ ካረገዝሽ ቢያድግልኝ ይቀርልኛል። ኩብራ ተሳስታ ይሆናል፣ ፈንቴ ይህን ያህል ልጅ ተቀብላ እንዴት ትሳሳታለች እያልሁ ከረምሁ። ልጄን አቅፌ እተኛለሁ፤ ስነቃ ደግሞ "እስካሁን አልተራገጠልኝም" ያልሽው ቃል ጆሮዬ ላይ አለ። ከእንግዲህ አልቻልሁም።

ጎንደር ትልቁ ሆስፒታል ሂጂ። ነገ ሂጂ። ወባ ነው ካሉሽ እሺ አትበይ፤ ቆላ ከርሜ ነበር፣ የካላዛር ምርመራ አድርጉልኝ በያቸው። መድኃኒት አለው፤ ከታከሙት ይድናል። ያልታከመ ግን አይተርፍም። ይህን ልጽፍልሽ ያላሰብሁበት ቀን የለም፤ ዘግይቻለሁ፤ ጊዜውን አንቺ አሳጥሪው።

አሰበች


አምባ ጊዮርጊስ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰበች፣

ሁለት ይዘሽ የኔን አንዱን ቀናሽበት። ያንቺ ማህፀን ወጣና የኔም ባዶ እንዲሆን ፈለግሽ።

አንዴ ልጁን ላለመስጠት መንገድ ተዘጋ፣ ሽፍታ አለ፣ ጡት አልጣለም አልሽ። አሁን ፈጣሪ ራሱ ሲሰጠኝ ደግሞ በሽታ ነው አልሽ። ደብዳቤሽን ፈንቴ ሰምታ "ይቺ ሴት ምን አድርገሻት ነው?" አለችኝ። ምን እንዳደረግሁሽ አንቺ ታውቂያለሽ።

ለደሞዝ ካንቺ የመጣ ወረቀት እንዳያደርስልኝ ነግሬዋለሁ።

ሀብትነሽ


ገንዳ ውሃ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለሀብትነሽ፣ እርሷ አልቀበልም ካለችም ለባሏ ለለይኩን

ለይኩን፣ ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ ደሞዝ ለእርስዎ እንዲሰጥ ለምኜዋለሁ። ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላት። ጆሮዋን ብትይዝም ያንብቡላት።

እታለም፣ ቀናሽብኝ አልሽ። አልፈርድብሽም። ምጥ ላይ ያልሁትን ሳወላውል አይተሽኛል፤ ለምን ታምኚኛለሽ? ስለ ማህፀኔ የጻፍሽው አሞኛል፤ እርሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።

በሽታ ነው የምልሽ ልጁን ለማስቀረት መስሎሻል። ነገሩን ግን ገልብጠሽ እይው፤ አርግዘሻል ብል ነበር የሚቀርልኝ። አሁንም ካላመንሽኝ ሌላ የምይዝልሽ ነገር የለኝም፣ ልጁን ነው የማስይዝልሽ። ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሐኪሙ በሽታ ነው ካለ ቢያድግልኝ ያንቺ ነው። ልጅ ነው ካለም፣ እሰየው፣ ቢያድግልኝ አሁንም ያንቺ ነው፤ ሁለት ታሳድጊያለሽ። በየትኛውም ቢሆን እኔ ልጁን አጥቻለሁ። እንግዲህ ለምን እዋሻለሁ?

ይህን በምጥ ላይ ሆኜ አይደለም የምልሽ። ደሜም አይፈስም፣ አእምሮዬም በቦታው ነው። ልጁ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ሽንኩርት ይልጥልኛል። በእርሱ እምልልሻለሁ፤ ከእርሱ አብልጬ የምወደው የለኝምና።

ለይኩን፣ እምቢ ብትል ተሸክመው ይውሰዷት። ብትረግምዎ ትርገም፣ ብትነክስዎ ይቻሏት። ልጅ አላት ብለው ፈርተው እንዳይቆዩ። ይህ በሽታ የበላውን ሰው አይተናል።

አሰበች


ጎንደር፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰቡ፣

የፋሲካን ጾም ሆስፒታል ውስጥ ነው የፈታሁት። ለይኩን እንቁላል ቀቅሎ አመጣልኝ፤ ግማሹን በላሁለት።

ተሸክመው ነው ያመጡኝ። ለይኩን ደብዳቤሽን አንብቦልኝ ሲጨርስ ወጥቶ የመንደሩን ጎልማሶች ጠራና ቃሬዛ አስያዘ። እኔ እስከ አስፋልቱ ድረስ ስረግምሽ ነው የመጣሁት። ምሕላ የሚመስል ርግማን ነበር፤ ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ ደነገጡ።

ደም ወሰዱ። ከዚያ አልትራሳውንድ የምታነሣዋ ልጅ ሆዴን ቀብታ ማየት ጀመረች። ልጁስ አልኋት።

"ልጅ የለም፣ እትዬ። ጣፊያዎ ነው" አለችኝ።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ ስንሞቅ በሽተኞቹን አያለሁ። ሰሊጥ አጫጆች ናቸው፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከበለሳ። ሁሉም ክንዳቸው ጭራሮ፣ ሆዳቸው እንደኔ ሆድ። አንዱ፣ ለይኩን የሚያህል ሰው፣ "እርስዎም አጫጅ ነበሩ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። ልጅ ላሳድግ ነበር የወረድሁት አልሁት። እንዴት እንደ ያዘኝ አልገባውም።

መርፌው ክፉ ነው። ሐኪሙ በየጠዋቱ መጥቶ ሆዴን ይጫንና "ጎሽ፣ ቀንሷል" ይላል። ከልቡ ነው ደስ የሚለው። እመርቀዋለሁ። እርሱ ሲወጣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ልጄን ይወስዱብኛል። ልጅ እንዳልነበረ አውቃለሁ፣ እንዳትነግሪኝ። ግን ስም አውጥቼለት ነበር። ለሞተ ሰው ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ይለቀሳል፣ ይስተዛዘናል። ላልነበረ ሰው ማን ድንኳን ይተክላል? ለይኩንም ሲያየኝ "ዳንሽልኝ" ይላል። አዎ፣ ድኛለሁ። እንዳንቺ የምነግረው አጣሁና ነው ወረቀት ያስመጣሁ።

ስለ ማህፀንሽ የጻፍሁትን ሰው እንደ ተናገረው አትቁጠሪው። ያን ቀን ያየሁትን ደምሽን እያወቅሁ ነው የጻፍሁት። ይቅር በይኝ። አንቺም አንድ ወር አዘግይተሽብኛል፤ እኔም ይቅር ብዬሻለሁ። ሐኪሞቹ ጥቂት ብትቆዪ ኖሮ አሉና ተዉት።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር። ቃልሽን አንዴ ፈትቼልሽ ነበር። ዳግመኛ አልፈታልሽም። ልጁን ላኪልኝ።

ምን እንደምጠይቅሽ አውቃለሁ። ሁለቱንም በሆድሽ ስትሸከሚ አጠገብሽ ነበርሁ፤ ካንቺ ሌላ የሚያውቅ ቢኖር እኔ ነኝ። ደግ ሰው ብሆን "ተይው፣ ይቅር" እልሽ ነበር። ደግነቴን እዚያ ቆላ ጨርሼዋለሁ መሰለኝ። ባዶ ቤት መግባት አልችልም፣ አሰቡ። ከዚህ ወጥቼ፣ ጠፍጣፋ ሆዴን ይዤ፣ በነዚያ ባልቴቶች ፊት አልፌ ባዶ ቤት አልገባም።

ላኪልኝ።

ሀብትነሽ


ገንዳ ውሃ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ከሆስፒታል መውጣትሽን ደሞዝ ነገረኝ። እየሄድሽ ነው አለኝ፣ በራስሽ እግር። መሬት ስሜአለሁ።

ፈረደ ይዞት ይመጣል። መንገዱ ሰሞኑን ተከፍቷል፤ እስኪዘጋ አንጠብቅም። እኔ አልመጣሁም። ብመጣ ይዤው እመለስ ነበር። ሃይሚን ከኩብራ ቤት አስቀምጫታለሁ፣ ሲሳፈር እንዳታይ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ተቆጥቼሻለሁ። ከዚያ ሁለቱን ቁጭ አድርጌ እያየሁ አሰብሁት፤ አንቺ ባትወርጂ ኖሮ የዛሬ ሁለት ዓመት ፈረደ ሦስታችንንም ቀብሮ ብቻውን ነበር የሚኖረው። ይህ ሒሳብ አይደለም፣ ምስጋና ነው። ምስጋና እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር። በሕይወት ያለ ልጅ ነው የምልክልሽ። በሕይወት ያለው ባንቺ ነው።

አሁን የልጁን ጠባይ ልንገርሽ፣ ፈረደ ወንድ ነው፣ አያውቀውም።

ጡት ጥሏል። በእሬት አልሆነልኝም፤ አንድ ቀን ሃይሚ አጠገቤ መጥታ ገፋችው፣ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም። የእርሷን ትእዛዝ ነው የሚሰማ። አንቺ ብታዢው መጀመሪያ ግራ ይጋባል፤ ቀስ ብለሽ እዘዢው።

ወተት ትኩሱን አይወድም። የማሽላ ገንፎ ይበላል፤ ገብስ አያውቅም፣ አለማምጂው። ብርድ አይቶ ስለማያውቅ እግሩን ሸፍኝለት። ዝናብ ሲመጣ ይወጣል፤ ተይው፣ ይውጣ። ጥይት ሲሰማ አያለቅስም፣ ከሸክላው ጋን ሥር ገብቶ ይቀመጣል። እዚያ ጥይት ከሌለ ይህን ይርሳው። አትጠይቂው።

እናቴ ማን ናት ካለ አንቺ ነሽ። እኔን ቆላ ያለችው አክስትህ በይው። ስልክ ሲመለስ አልደውልም፣ እስክትጠሪኝ። ድምፄን ሰምቶ እንዲያለቅስ አልፈልግም። ለሃይሚ የምነግራትን እኔ አስብበታለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቂጣ ስትሰጪው አይበላም፤ መጀመሪያ ለሁለት ይቆርሰዋል። ግማሹን፣ ሳያይ፣ ወደ ጎኑ ይዘረጋዋል። የሚወስድለት ካልመጣ እጁን አያጥፍም፤ እስኪዝል ይዘረጋዋል። ከጎኑ ተቀመጪና ተቀበይው፣ እታለም። ተቀብለሽ ፊት ለፊቱ ብይው።

እኅትሽ አሰበች